ለአባባ፦ ስለ እንግሊዝኛ ትምህርትዎ

ውድ አባባ፣

እንደምን ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የደብተርዎን ፎቶ ልጆቹም አይተውት "የአያታችን ጽሕፈት እንዴት ያምራል!" ብለዋል።

መልመጃውን አንድ በአንድ አየሁት። ሳልሸነግልዎ፣ በሰዋስው በኩል ከብዙ ወጣት ይሻላሉ። እንግሊዝኛ ሲያንበለብሉ የሚውሉ ሆነው "ሂ" እና "ሺ" ካሉ በኋላ ግሡ ላይ "ኤስ" መጨመር የሚረሱ ስንት አሉ መሰለዎት! እርስዎ አንድም ቦታ አልዘለሉም። በቀይ ያሰመርኩት አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻ ነው፦ "አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ"። እኛ "ትናንት አይቼዋለሁ" ስንል ምንም ስለማይጎረብጠን እጅዎ ወደዚያ ቢሄድ አይገርምም። እንግሊዝኛ ግን ያበቃ ጊዜ በስሙ ከተጠራ፣ ማለትም ትናንት፣ ባለፈው ሳምንት፣ በ1990 ከተባለ፣ "ሃቭ"ን አያስጠጋም፤ "አይ ሶው ሂም የስተርዴይ" ብሎ ይጨርሰዋል። "ሃቭ" የሚገባው መቼ እንደሆነ ሳይነገር ሲቀር ወይም ነገሩ እስከ አሁን ሲዘልቅ ነው። "አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ሲንስ 1990" ያለ ሰው ዛሬም እዚያው ይኖራል፤ "አይ ሊቭድ ሂር ኢን 1990" ካለ ግን የዛሬውን አልነገረንም። ስለ "ኤ" እና "ዘ" እንቅልፍ አይጡ፤ እነሱ ቢሳሳቱም ንግግር አይበላሽም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በስልክ "ሳነበው ይገባኛል፣ ሲያወሩት ግን ሌላ ቋንቋ ይሆንብኛል፤ በጣም ይፈጥናሉ" ብለውኝ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ጣጣው ፍጥነቱ ላይ ብቻ አይደለም። አማርኛ ስንናገር እያንዳንዱ ድምፅ ድርሻውን ያገኛል። በእንግሊዝኛ ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ሦስት ቃላት ጎላ ብለው ይወጡና የቀሩት በመሃላቸው ይጨፈለቃሉ። መጽሐፉ ላይ "ዋት ዱ ዩ ዎንት ቱ ዱ" የሚለው ስድስት ቃል ከሰው አፍ ሲወጣ "ዋዳያ ዎና ዱ" ሊሆን ይችላል። እርስዎ ስድስት ቃል እየጠበቁ ሦስት ሲመጣብዎ "አመለጠኝ" ይላሉ። ያመለጠዎት ነገር የለም፤ የተነገረው ያንኑ ያህል ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው "ካን" እና "ካንት" ነው። ብዙ አሜሪካውያን "ካንት" ሲሉ መጨረሻዋን "ት" ይውጧታል። ታዲያ እሺታውን ከእምቢታው እንዴት ይለዩታል? አናባቢውን በመስማት! "እችላለሁ" ሲሉ ቃሏ ትኮማተርና "አይ ክን ካም" ትሆናለች። "አልችልም" ሲሉ ግን "ካን" ሙሉ ድምፅ አውጥታ ትጎላለች፤ "ት" ባትሰማም እምቢታ ነው። ይህን መጽሐፉ ውስጥ ስፈልግ አላገኘሁትም። ቀጠሮ የሚያበላሸው ግን ይኸው ነው።

የማዳመጫ መልመጃውን እንዲህ ቢሠሩት ይሻላል። ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ቅጂ ይምረጡ፤ ጽሑፉ አብሮት ያለ ይሁን፣ ግን ይገልብጡት። መጀመሪያ ዝም ብለው ይስሙ። ቀጥሎ እያቆሙ የሰሙትን ይጻፉ፤ ያልሰሙት ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ ያድርጉ። ከዚያ ጽሑፉን ገልጠው ያመሳክሩ። ያመለጡዎት ቃላት ከባዶቹ ሳይሆኑ "ኦቭ"፣ "ቱ"፣ "ሃቭ"፣ "ዜም" የሚባሉት ጥቃቅኖቹ መሆናቸውን ያያሉ። በመጨረሻ ከተናጋሪው እኩል ድምፅ አውጥተው ይበሉት፤ አፍ የለመደውን ጆሮ አይስተውም። "እውነት" ወይም "ሐሰት" በሉ የሚሉትን ጥያቄዎች ለጊዜው ይተዉአቸው። እነሱ መስማትዎን ይፈትናሉ እንጂ መስማትን አያስተምሩም። ፊልም ሲያዩም ከሥር የሚጻፈውን ያጥፉት፤ ዓይን ጆሮን ቀድሞ ሥራውን ይነጥቀዋል።

ለጅማሬ የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረው "ስፔሻል ኢንግሊሽ" የተባለው ዝግጅት የቆዩ ቅጂዎች ይስማሙዎታል። በ1,500 ገደማ ቃላትና በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ ዝግ ብሎ የሚነበብ ዜና ነው። ቢቢሲም እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ እንግሊዝኛን በሬዲዮ ሲያስተምር ኖሯል። ግን ዝግ ባለው ላይ ብዙ አይቆዩ፤ እዚያ ቃላቱ ስለማይጨፈለቁ ጆሮዎ ይሰንፋል።

ስለ አክብሮት ያነሱት ጥያቄ አስደስቶኛል። "ትልቁንም ትንሹንም 'ዩ' ማለት አያስነውርም ወይ?" ብለዋል። በድሮው እንግሊዝኛ ለቅርብ ሰውና ለታናሽ "ዛው" ይባል ነበር፤ "ዩ" ደግሞ ለብዙዎችና ለሚከበር ሰው። በኋላ "ዛው" ከዕለት ንግግር ወጥታ "ዩ" ብቻዋን ቀረች። ስለዚህ አይሳቀቁ፤ ሕፃኑንም አንቱ እያሉት ነው ማለት ይቻላል! አክብሮቱ የሄደው ወደ ግሡ ነው። "ጊቭ ሚ" የሚለው "ፕሊዝ" ቢጨመርበትም ትእዛዝ ትእዛዝ ይሸታል። "ኩድ አይ ሃቭ" ወይም "ዉድ ዩ ማይንድ" ሲሉ ግን ጨዋ ሰው መሆንዎ ያለ ማብራሪያ ይታወቃል። "ኩድ"ን ሰዋስዉ ውስጥ የ"ካን" ኃላፊ ጊዜ ብለው አጥንተዋታል። ሰው ፊት ግን ያለፈ ነገር አትናገርም፤ ልመናውን ታለሳልሳለች። ያን ምዕራፍ እንደገና ሲያዩት ይህን ይዘው ይሁን።

"ሃው አር ዩ" የሚልዎ ሰው ደግሞ የልብዎን እንዲነግሩት እየጠበቀ ላይሆን ይችላል። እርስዎ ስለ ጉልበትዎ ሕመም ጀምረው ስለ ቤተሰቡ ደኅንነት እስኪጠይቁ ድረስ ሰውየው ሄዷል! "ፋይን፣ ታንክስ። ኤንድ ዩ?" ይበቃል። ንቀት አይደለም፣ ሰላምታቸው አጭር ስለሆነ ነው። ጨዋታ ማራዘም ሲፈልጉ በአየር ሁኔታ ይጀምሩ። ዕድሜን፣ ደመወዝን፣ ለምን እንዳላገቡ መጠየቅን ግን በደንብ እስኪተዋወቁ ያቆዩት። "ኖት ባድ" ካሉዎትም አይዘኑላቸው፤ ብዙ ጊዜ ደህና ነኝ ማለታቸው ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ቅጂ በስልክዎ ልኬያለሁ፤ ሁለት ሰዎች ስለ ዝናብ ያወራሉ። ጽሑፉን ሆን ብዬ አልላክሁትም። የሰሙትን ጽፈው፣ ሰረዙንም እንዳለ ትተው፣ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ እኔም ያን ጊዜ እልክልዎታለሁ። ላጲሱን ግን ለልጆቹ ይስጧቸው፤ የተሳሳቱበትን ማየት እፈልጋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ