በዘሃራ ምክንያት ለተቆጣችሁኝ ሁሉ

ውድ አንባቢዎቼ፣

እንኳን ደስ አለን! የልቦለዴ ሁለተኛ እትም ከማተሚያ ቤት ወጥቷል። ካርቶኖቹ ሳሎኑን ሞልተውታል። እናቴ ቡና የምታፈላበት ቦታ አጥታ ረከቦቷን በረንዳ አውጥታለች።

የመጀመሪያው እትም ገና ሳይሸጥ ፒዲኤፉ ያለፈቃዴ የተለቀቀ ሰሞን የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መልሼ አላወራውም። ዕዳውም፣ ለቅሶውም፣ ስልኬን ዘግቼ የተኛሁበት ሳምንትም ይለፍ። ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው። ቅደም ተከተል አትጠብቁብኝ፤ እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት አንድ መጽሐፍ አዟሪ አለ። ስሙን እንዳልጠራ አስምሎኛል። «ስሜን ከጠራሽው ሰው ሁሉ አውቅሃለሁ እያለ ቅናሽ ይጠይቀኛል» ነው ያለኝ። ቃሌን እጠብቃለሁ። ከሜክሲኮ ለገሃር፣ ከለገሃር ስታዲየም በእግሩ ሲመላለስ የሚውል ሰው ነው። መጽሐፍ ከክንዱ እስከ አገጩ ደርድሮ፣ በአገጩ ደግፎ ይሄዳል። ከእሱ የገዛችሁ ወዲያው ታውቁታላችሁ።

ሽጦ እንዲከፍለኝ ጥቂት ቅጂ ልሰጠው ስል አልቀበልም አለኝ። «ሳላነብ አልይዝም። አንዱን ስጪኝ፣ ነገ እነግርሻለሁ።» አዟሪ ሽፋን አይቶ የሚሸጥ የሚመስለው ካለ፣ ይህን ሰው አያውቀውም። በማግስቱ ጠዋት ደወለ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርሽ የለ። «ለምንድነው ዘሃራ ስልኩን ያላነሳችው?» አለኝ።

መጽሐፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ዘሃራና ትርንጎ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አብረው ያደጉ ናቸው። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ፣ ደሴ ሄደው አንድ ዶርም ያድራሉ። ጥር ላይ ውጤት መጣ። ትርንጎ አለፈች። ዘሃራ ሪያድ ሄደች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ትርንጎ በኢሞ ትደውላለች። ይጠራል። አለቀ።

እንግዲህ የእሱ ጥያቄ ከዚህች «አለቀ» ላይ የመጣ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ገዢ «እስከ መጨረሻው አንብቡና ንዴታችሁን ለእኔ አምጡ» ይል ጀመር። ሰዉም የምሩን ይመለስ ጀመር። የሚሉትን ሁሉ ለመያዝ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛ። የማንንም ስም አልጻፈም። «የቦሌዋ ተማሪ»፣ «የታክሲው ረዳት»፣ «መነጽራሙ አባት» እያለ፣ እግረኛ መንገድ ዳር ቆሞ፣ መጽሐፎቹን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ያሉትን እንዳሉት ጻፈው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ እኔ አንድም ነገር አላውቅም ነበር።

ስልኬን የዘጋሁ ሳምንት ሰፈራችን ድረስ መጣ። የሰፈሬን ስም እንጂ ቤቱን አያውቅም። «መጽሐፍ የምትጽፈው ልጅ ቤት የት ነው?» እያለ ከሱቅ ሱቅ ጠይቆ ነው ያገኘን። ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ ይወርዳል። እሱ እስከ ካልሲው በስብሷል። ደብተሩ ግን ፌስታል ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ እሱም ሸሚዙ ውስጥ ነበር። እናቴ የአባቴን ጋቢ አለበሰችው፣ ቡና አፈላች። እሱ ደብተሩን ገልጦ ማንበብ ጀመረ፤ ጽሑፉን ከእሱ በቀር ማንም ሊያነበው አይችልምና።

የታክሲው ረዳት እንዲህ ብሎ ነበር፦ «እኔም ውጤት የመጣ ቀን ማዘርን አልፌያለሁ ብያት ነበር። ዘሃራ ለአባቷ እውነቱን ስትናገር መጽሐፉን ዘጋሁት። በማግስቱ ነው የከፈትኩት።»

አንዲት እናት፦ «ለልጄ ገዝቼ እኔ አለቀስኩ። ልጄ ግን ‹እማ፣ ነገ እኮ መልሳ ትደውላለች› አለችኝ።»

አንድ የአስራ አንደኛ ክፍል ልጅ፦ «ደራሲዋን ካገኘሃት ጨካኝ ነሽ በላት። ሌላ መጽሐፍ ካላት ግን ንገረኝ።»

እናቴ ሁለተኛውን እየቀዳች «ስለ ጭካኔዋ ልጁ እውነቱን ነው» አለች። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያኔ ነው። በረካው ሳይደርስ ስልኬን ከፈትኩ።

ሊሄድ ሲነሳ የሸጠበትን ገንዘብ ሙሉውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የራሱን ድርሻ አልቀነሰም። አዟሪ ከአንድ መጽሐፍ የሚያገኘው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ውሰድ አልኩት። እንቢ አለ። ኪሱ ልከትለት ስታገል፣ «ለሁለተኛው እትም ወረቀት መግዣ ይሁን» ብሎኝ ወጣ። ሁለተኛ እትም የሚባል ነገር ያኔ በእኔ ሐሳብ ውስጥ የለም። እሱ ነው መጀመሪያ የተናገረው።

ወንድምዬ፣ ዕድሜ ይስጥህ። ከዚህ በላይ ብጽፍ አልችለውም። ወደ ሌሎቹ ልለፍ።

የ2014ቱ ባች፣ ፈተናውን ጥቅምት 2015 የወሰዳችሁ! እናንተን ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ትምህርት ሚኒስቴር ውጤታችሁን ሲናገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከመቶ ልጅ ዘጠና ሰባት ያህሉ አላለፈም። አገር ሁሉ ስለ እናንተ አወራ። እናንተን የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ይመስለኛል ደብዳቤዎቻችሁ እንዲህ የረዘሙት። ስለ መጽሐፉ ጀምራችሁ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስለራሳችሁ ናችሁ። እንደዚያው ይሁን፤ እኔም የፈለግሁት እሱን ነው። ውጤት ሊያይ ስልኩን ይዞ ሽንት ቤት ስለገባው ልጅ፣ እህቱ ማለፏን ሰምቶ የራሱን ደብቆ እልል ስላለው ልጅ፣ ሁሉንም አንብቤዋለሁ።

ከእናንተ ጋር የምንከራከርበት አንድ ነገር አለ። «ሪሚዲያል ነበር እኮ! ለምን አላስገባሻትም?» ትሉኛላችሁ፤ ውጤት ለጎደላቸው የተከፈተውን የማካካሻ ትምህርት ማለታችሁ ነው። ሪሚዲያል ገብተው ዛሬ ካምፓስ ያሉ ልጆች ጽፈውልኛል፤ እሰየው ብያለሁ። ዘሃራን ግን ሪያድ የወሰዳት ውጤቷ ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ታናናሾች አሉ። የአባቷ ወገብ አለ። ሪያድ ያለች አክስት «ቪዛው ተገኝቷል» ብላ የደወለችበት ማታ አለ። ዘሃራ ብታልፍም ልትሄድ ትችል ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን የተቃወማችሁ በርቱ። ክርክራችሁን እወደዋለሁ፤ ማለቂያውን ግን አልቀየርኩትም። ሁለተኛው እትም ላይም ስልኩ ይጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። መጽሐፉን መጀመሪያ ያየው አንድ አሳታሚ «የወጣት መጽሐፍ በሠርግ ወይም በምርቃት ማለቅ አለበት፤ ልጆች ሐዘን አይችሉም» ብሎኝ ነበር። የእኛ ልጆች ለቅሶ ቤት ውሃ ሲያቀብሉ ያደጉ ናቸው። እህታቸውን ቦሌ ሸኝተው በአንድ ሚኒባስ ተጨናንቀው፣ ማንም ሳያወራ ወደ ቤት የተመለሱ ናቸው። ይህን ችለው የአንድ ልቦለድ መጨረሻ ያቅታቸዋል ብሎ መስጋት ለእኔ አይገባኝም። እናንተም አንብባችሁ፣ አልቅሳችሁ፣ ሰድባችሁኝ፣ ለጓደኛ አውሳችሁታል።

ደግሞ ለቅሶ ብቻ አስመሰልኩት እንጂ ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁልኝ ስለ በሶው ነው! ዶርሙ በር ላይ ፈታሿ የትርንጎን በሶ «ይሄ ዱቄት ምንድነው?» ብላ ያስቀመሰችበት ቦታ። ስልክ ይዞ መግባት በተከለከለበት ፈተና በሶ ይዞ መግባት እንዲህ ያስቃል ብዬ አልገመትኩም ነበር። ከደሴ በአውቶቡስ በሶ የላካችሁልኝ፣ ደርሶኛል። እናቴ ስኳር አብዝታ በጥብጣ ጨርሳዋለች።

ሪያድና ጅዳ ያላችሁ እህቶቼ። መጽሐፉ እጃችሁ እንደማይገባ ስለማውቅ ከእናንተ ምንም አልጠበቅሁም ነበር። አንዷ ከአገር ቤት ያስመጣችውን ቅጂ፣ ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ፣ ማድ ቤት ተቀምጣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እየቀዳች ሌላ ቤት ለምትሠራ ጓደኛዋ ስትልክላት እንደነበር የሰማሁት ቆይቶ ነው። የተቀዳው ድምፅ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ሄዶ እኔም ጋ ደረሰ። አንድ ቦታ ላይ ሰው ይጠራታል፤ «መጣሁ» ትልና ድምፁ ይቋረጣል። ቀጣዩ ከዚያው አረፍተ ነገር ይጀምራል። መጽሐፌን ከዚህ በተሻለ ያነበበው ሰው የለም።

ከእናንተ አንዷ ደግሞ እንዲህ አለችኝ፦ «እህቴ፣ ስልክ የማይነሳው ሁልጊዜ ክፉ ነገር ስለሆነ አይደለም። ማዳም አስቀምጣው ይሆናል። እንግዳ መጥቶ ይሆናል። ትርንጎን ዓርብ ትደውል በያት።»

ይህን መልእክት ካነበብኩ ወዲህ የመጨረሻውን ገጽ እኔም በሌላ ዓይን ነው የማየው። ጌታ ይጠብቃችሁ። አላህ ይጠብቃችሁ። በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ።

በፒዲኤፍ አንብባችሁ በቴሌብር ዋጋውን የላካችሁልኝ፣ «አፉ በይን» ያላችሁኝ ሁሉ፣ አፉ ብያለሁ። አንዳንዶቻችሁ ከሽፋኑ ዋጋ በላይ ልካችኋል። ትርፉ ለወረቀት ውሏል፤ የወረቀት ዋጋ የት እንደደረሰ አልነግራችሁም፣ ቀናችሁ አይበላሽ።

ምዕራፎቹን በሚኒ ሚዲያ ያስነበባችሁ መምህራን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ መጽሐፉን ፊት ለፊት የደረደራችሁ መደብሮች፣ ወመዘክር አዳራሽ ተገኝታችሁ የተከራከራችሁ፣ ሽፋኑን የሠራኸው ወንድሜ፣ ሐይቅ ያላችሁ ዘመዶቼና ጎረቤቶቼ፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የእናንተ በአንድ መስመር ማለፉ ሥራችሁ ትንሽ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ስሙን ያልጠራሁት ሰው ቅር እንዳይለው እለምናለሁ፤ ልጥራ ብል ካርቶን የሚያነሳ አይኖርም።

መልስ ያልደረሳችሁ ታገሡኝ። ሁሉንም ደብዳቤ ይዤዋለሁ፣ በየተራ እየመለስኩ ነው።

አንድ ሰው ብቻ አስቸግሮኛል። ከመርሳ የጻፍሽልኝ ልጅ፣ የሒሳብ ደብተር ገንጥለሽ አዲስ የመጨረሻ ምዕራፍ የጻፍሽልኝ። ባንቺ ምዕራፍ ዘሃራ ስልኩን ታነሳለች፤ ከሰላምታ በፊት «በሶ ላኪልኝ» ትላለች። አዟሪው ሦስቴ አስነብቦኛል፤ ከእኔ ማለቂያ ያንቺ ይሻላል ባይ ነው። ግን ስምሽንም አድራሻሽንም አልጻፍሽም። መልስሽ ተጽፎ፣ ሁለተኛው እትም ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ደሴ ወይም ወልድያ ዘመድ ካለሽ ጻፊልኝ፣ በአውቶቡስ እልከዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዘሃራና የትርንጎ ጸሐፊ