ጋኑ ከጨረታ ዜና ይውጣልን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በባህል ዓምዳችሁ ስለ አሜሪካ ጥንታዊ የሸክላ ዕቃዎች የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በደቡብ ካሮላይና፣ በኤጅፊልድ አካባቢ በባርነት ይኖር የነበረው ዴቪድ ድሬክ በ1858 እ.ኤ.አ. የሠራው ጋን በ2021 በጨረታ ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማውጣቱን ጸሐፊው በአድናቆት ነግረውናል፤ ተመራማሪዎች በዚህ ሰው የእጅ ሥራ ላይ ይህን ያህል የሚደክሙበትን ምክንያት ግን ሳይነኩት አልፈዋል።

ድሬክ ሸክላው ገና እርጥብ ሳለ ስሙን፣ ቀኑንና አንዳንዴም ሁለት ስንኝ ግጥም ይጽፍበት ነበር። ግዛቲቱ በ1834 ባወጣችው ሕግ ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር በገንዘብና በእስራት እያስቀጣ፣ እርሱ በ1857 በአንድ ጋን ላይ ዘመዶቹ ሁሉ የት እንዳሉ የሚጠይቅ ስንኝ ማስፈሩ የአሳዳሪዎች የሒሳብ መዝገብ ፈጽሞ የማይነግረንን ይነግረናል። መዝገቡ ሰዎችን ከነዋጋቸው ይዘረዝራል፤ የተበተነ ዘመዱን የሚያስብ ሰው ግን እዚያ ውስጥ አይገኝም።

ጽሑፍ የሌለበት ስባሪም ቢሆን ዝም አይልም። በቨርጂኒያና በደቡብ ካሮላይና እርሻዎች በተደረጉ ቁፋሮዎች፣ በእጅ ተድቦልቡሎ በዝቅተኛ እሳት የተተኮሰ፣ ልባጥ የሌለው ገል በብዛት ተገኝቷል። በ1960ዎቹ ይህ የአገሬው ነባር ሕዝቦች ሥራ ብቻ ነው ይባል ነበር፤ በኋላ ግን ገሉ ባሮች በኖሩባቸው ጎጆዎች አጠገብ እየበዛ ሲገኝ የአፍሪካውያንና የልጆቻቸው እጅ እንዳለበት ታመነ። የማን እጅ እንደሚያመዝን ክርክሩ አልተዘጋም፤ በደቡብ ካሮላይና ነባር ሕዝቦችም ጭምር በባርነት ስለተያዙ፣ ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ መልስ የሚገኝ አይመስለኝም።

በኒውዮርክ ደግሞ ዕቃዎቹ ላይ ስሙን ያተም የነበረው ሸክላ ሠሪ ቶማስ ኮመራው በሰብሳቢዎች ዘንድ ለረጅም ዘመን ነጭ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሮ፣ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ሲመረመር ነፃ ጥቁር አሜሪካዊ መሆኑ ታውቋል። ዕቃዎቹ በየስብስቡ ነበሩ፤ ሠሪው ማን እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም። (ሰብሳቢነትና ጥናት አንድ አለመሆናቸውን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።)

ስለዚህ ሌላ የኤጅፊልድ ጋን ለጨረታ ሲቀርብ፣ ከዋጋው አስቀድማችሁ ላዩ ላይ የተጻፈውን፣ የተሠራበትን ዓመትና ሠሪውን በባርነት ይዞ ያሠራው የነበረውን ባለቤት ስም እንድታትሙልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ