የዕድር ደብተሩን ከካሜራው ፊት አታንሡ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ ዳርቻ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነዋሪ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ የዘጋቢ ፊልም ቡድን፣ ከመሀል ከተማ ተነሥተው እዚህ የሰፈሩ አረጋዊት ጎረቤቴን ሊቀርጽ መጥቶ፣ በመጀመሪያ ያደረገው ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ሁሉ ማንሣት ነበር። ከተነሡት መካከል በላስቲክ የተጠቀለለና ጠርዙ ያለቀ የዕድር ደብተር ይገኝበታል፤ እማማ ከቀድሞ ሰፈራቸው ዕድር ሳይወጡ፣ በየወሩ ሁለት ታክሲ ይዘው እየሄዱ የሚከፍሉበት፣ የገንዘብ ያዡ ፊርማ በየመስመሩ የሰፈረበት ነው። ማን እንደሆኑ፣ በማን እጅ መቀበር እንደሚፈልጉ ጭምር የሚናገረው ያ ደብተር ነበር። በምትኩ የፕላስቲክ አበባ ተቀመጠ፤ ይህ እስካሁን ያሳዝነኛል።

በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው፣ የሟች ልብስ ያለ ተራኪ ድምፅ ስለ ባለቤቱ ምን ያህል እንደሚናገር ያውቃል። ስለዚህ ፊልም ሠሪዎቻችን ዕቃውን ባለበት ትተው፣ ባለቤቱን አስፈቅደው፣ ካሜራውን ጥቂት ደቂቃ እንዲያቆሙበትና «ይህ ከየት መጣ?» ብለው እንዲጠይቁ በአክብሮት እለምናለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ