ኮራል ተክል አይደለም፣ እንስሳ ነው

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ አራት ኪሎ ቁጭ ብለው ጋዜጣችሁን በኪራይ ከሚያነቡት አንዱ ነኝ። የልጆች ገፅ ላይ ስለ ባህር እንስሳት መፃፋችሁ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ግን ኮራልን (ባህር ውስጥ አንድ ቦታ ተጣብቆ የሚኖረውን) ከባህር ተክሎች፣ የባህር ኮከብን ደሞ ከዓሣ ጋር መድባችሁታል፣ ይሄ መታረም አለበት ምክንያቱም ልጅ አንዴ የያዘውን ማስለቀቅ ከባድ ነው።

ኮራል እኮ የጄሊፊሽ (ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ለስላሳ የባህር እንስሳ) ዘመድ ነው፣ ሁለቱም ምግባቸውን የሚይዙት በሚናደፉ ሴሎች ነው፣ ምግብ የሚገባበትም ቆሻሻ የሚወጣበትም ያው አንድ ቀዳዳ ነው። ተክል የሚያስመስለው ካለበት አለመንቀሳቀሱ ነው፣ ብዙዎቹ ኮራሎች ውስጥ ደሞ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሰራ አልጌ የሚባል በጣም ትንሽ ህይወት ያለው ነገር አለ።

የባህር ኮከብ ደሞ አከርካሪ የለው አንጎል የለው፣ በምን ሂሳብ ነው ዓሣ የሚሆነው? ገልብጣችሁ ብታዩት ከየክንዱ ስር ትንንሽ ለስላሳ እግሮች ተደርድረዋል፣ በውሃ ግፊት እየተለጠጡ ድንጋዩን ይይዛሉ፣ እንደዛ ነው የሚሄደው። ሰውነቱ ብዙ ጊዜ በ5 የተከፈለ ነው፣ የባህር ጃርትም እሾሁ ሲረግፍ ቅርፊቱ ላይ ያው የ5 አከፋፈል ይታያል፣ ስለዚህ መልካቸው ባይመሳሰልም አንድ ወገን ናቸው።

ቅርፊት ብቻ አይቶ መመደብም ያሳስታል። መርከብ ሆድ ላይ የሚጣበቀው ባርናክል ቅርፊት ስላለው ሳይንቲስቶች ራሳቸው ከቀንድ አውጣ ወገን ሲቆጥሩት ኖረዋል፣ በ1830 እ.ኤ.አ. ጆን ቶምፕሰን የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከእንቁላል የሚወጣውን እጭ እድገት አይቶ ነው የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ መሆኑን ያሳየው። በተቃራኒው ኦክቶፐስ ላዩ ላይ ምንም ቅርፊት ሳይኖረው የቀንድ አውጣና የዛጎል ወገን ነው (3 ልብና ሰማያዊ ደም እንዳለው ብትነግሯቸው ልጆቹ ይወዱታል)።

ባህር ለሌለን ምን ይሰራልናል የሚል ካለ አባይ በረሃ ይውረድ፣ እዛ የኖራ ድንጋዩ ውስጥ በጁራሲክ ዘመን (ዳይኖሰሮች በነበሩበት ጊዜ) የኖሩ የባህር እንስሳት ቅሪት አለ፣ ባህሩ ያኔ እዛ ድረስ ነበር። አፋር ዳናኪል ላይም የደረቀ የጥንት ኮራል አለ፣ የኛው አገር መሬት ላይ ማለት ነው፣ ይሄንን ነው ለልጆች አንደኛ መንገር የነበረባችሁ።

እባካችሁ እርማቱን እዛው የልጆች ገፅ ላይ አውጡት፣ የባህር ኮከቡንም ከስር በኩል የሚያሳይ ስዕል ጨምሩበት።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ