ላምበረት ላይ ስለጠበቁት አውቶቡስ

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባባ፣
ደብረ ብርሃን

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን አጀማመር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ መሐል ሜዳ ለነበሩት እማማ ደብዳቤ ሲያስጽፉኝ ከሰላምታው በፊት ሌላ ወሬ እንዳይገባ እየተቆጣጠሩ፣ ስሕተት ካገኙም ወረቀቱን ቀደው እንደገና ያስጀምሩኝ ነበር።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንግዳ ሊሆንብዎ ይችላል። ከገና ወዲህ ሦስት ጊዜ ልነግርዎ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ልጆቹ አውርቼ ዘግቻለሁ። ዛሬም ከእነርሱ ብጀምር ይቀለኛል። ትልቁ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነው፤ ሌሊት አጠናለሁ ብሎ መብራቱን አብርቶ ይተኛል። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ሳሎኑን አውቶቡስ አድርጋ፣ ከደብተሬ ወረቀት እየቀደደች ትኬት ትቆርጥልናለች፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወደ ውስጥ ግቡ» ስትል ድምፅዋ የእርስዎ ነው። ክረምት ላይ እዚያ ሳለች አስተምረዋት ይሆናል እንጂ እኔስ አላስተማርኋትም።

የዓይን ጠብታውን እባክዎ እንዳያቋርጡ። የጎረቤትዎ ልጅ እንደነገረችኝ ጾም ስለሆነ የማለዳውን ትተው ከቅዳሴ መልስ ብቻ ያደርጋሉ። ጠብታ ምግብ አይደለም፤ የንስሐ አባትዎን ቢጠይቁም ይህንኑ ይሉዎታል ብዬ አምናለሁ። የዓይን ግፊት ሲጨምር ብዙ ጊዜ ሕመም ስለማያሰማ ሰው የዳነ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በዚህ በሽታ የጠፋ እይታ አይመለስም፣ መድኃኒቱ የሚጠብቀው የቀረውን ብቻ ነው። አንዱን ጠብታ አድርገው ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ በአፍንጫዎ በኩል ያለውን የዓይንዎን ጥግ በጣትዎ ጫን አድርገው ጥቂት ደቂቃ ይቆዩ። ይህን ደጋግሜ እንደምለው አውቃለሁ።

ወደ ታኅሣሡ ቀጠሮ ልምጣ። ከደብረ ብርሃን በሌሊት ተነሥተው፣ በሸኖ ጭጋግ ውስጥ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ላምበረት ከወረዱ በኋላ ታክሲ እንዲይዙ ለምኜዎት ነበር። እርስዎ ግን ዕድሜ ልክዎን ያገለገሉበትን አውቶቡስ ትተው ሚኒባስ ውስጥ መጣበብን እንደ ክሕደት ይቆጥሩታል። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ከአርባ ድረስ ቆመው ጠበቁ። ሰዓቱን በማስታወሻዎ ላይ ጽፈውታል፤ ጡረታ ቢወጡም መዝገብ መያዝ አልተዉም። አውቶቡሱ ሲመጣ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተረባረበ፣ እርስዎም ከጎን ያለው እየተሰወረብዎ ስለሆነ መርገጫውን ስተው ወደቁ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ የተራዎ ሰዓት አልፎ ነበር፤ በተቀደደ ሱሪና በደማ ጉልበት፣ የዓይንዎ ግፊት ሳይለካ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሱ። እኔ ይህን የሰማሁት ማታ ነው። ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ነበርሁ፤ እርስዎም ሥራዬን እንዳያስፈቱኝ ብለው አልደወሉም።

በዚያ ማታ «ይህን መስመር የበተነው ሰው ለመሆኑ አባት የለውም?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ዝም አልሁ፤ ከዚያም ስለ ልጁ ፈተና አወራሁ።

አባት አላት። እኔ ነኝ።

አባባ፣ ያን መስመር የቀነሰውን የአውቶቡስ ምደባ ሰንጠረዥ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያው ፊርማም የእኔ ነው። ከላምበረት በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤትዎ የሚወስደው መስመር የማለዳውንና የማታውን ምልልስ ይዞ እንዲቀጥል፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ግን በአንድ አውቶቡስ ብቻ እንዲሸፈን ሐሳብ ያቀረብሁትም እኔው ነኝ። ሒሳቡ ትክክል ነበር። የከተማ አውቶቡስ ታሪፍ ወጪውን እንደማይሸፍን፣ ልዩነቱን ድጎማ እንደሚሞላው ከእኔ በፊት ያውቁታል። በ2014 ክረምት የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር አንድ ሊትር ናፍጣ ከ35 ብር ገደማ ወደ 49 ብር አለፈ፤ ለሕዝብ ማመላለሻ የታለመ ድጎማ ቢመደብም ዋጋው መውጣቱን አላቆመም፣ ባለፈው ታኅሣሥ መጨረሻ 99 ብር ደረሰ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ጎማውም፣ የፍሬን ሸራውም፣ ፓምፑም የሚገዛው በዶላር ነው። ግቢያችን ውስጥ አንዱን አውቶቡስ ፈትቶ ሌላውን መጠገን የተለመደ ሥራ ሆኗል፤ የተፈታው ቆሞ ይቀራል። የሚሠሩት አውቶቡሶች ለሁሉም መስመር ስለማይበቁ በኪሎ ሜትር የሚያስገቡትን ገንዘብ አሰላሁ፣ ዝቅተኛውን ቀነስሁ።

የሥሌቱን ጉድለት ያየሁት ከእርስዎ ማስታወሻ ነው። ሰንጠረዡ የተሳፈረውን እንጂ የጠበቀውን አይቆጥርም። ሁለት ሰዓት ቆሞ ተስፋ ቆርጦ የሄደ ሰው በእኛ መዝገብ ላይ ጭራሽ ያልነበረ ሰው ነው። እናም አውቶቡስ ሲቀነስ ተሳፋሪው ይሸሻል፣ በሚቀጥለው ሪፖርት መስመሩ ተሳፋሪ ያጣ መስመር ተብሎ ይቀርባል፣ ለሌላ ቅነሳም ማስረጃ ይሆናል። በረፋድ የሚሄደው ደግሞ ሽማግሌው፣ በሽተኛው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ እስረኛ ጠያቂዋ ናት፤ ለስብሰባ መጥቶ የሚከራከርላቸው የለም። እርስዎ ነዳጅ በኩፖን በነበረበት ዘመን እንኳ «ሰው የሚመጣው ሰዓቱን አምኖ ነው» ይሉ ነበር። በ2008 የአያቱ ባቡር ሲጀምር ከአያት ጦር ኃይሎች በ6 ብር ወስጄዎት፣ ሁላችን በመስኮት ከተማውን ስናይ እርስዎ ወለሉን ወለሉን እያዩ «ዋጋውስ ደግ ነው፤ ብሎኑን ማን ሊገዛ ነው?» ብለው ሳቁብን። ዛሬ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል። የመለዋወጫ ጥያቄ ጠረጴዛዬ ላይ በደረሰ ቁጥር ያች ሳቅ ትሰማኛለች።

የረፋዱን ምልልስ የሚመልስ ማመልከቻ ጽፌ ለአለቆቼ አቅርቤያለሁ። እስካሁን መልስ የለም። ቢፈቀድም የሚመደበው አውቶቡስ ከሌላ መስመር የሚነጠቅ ነው፤ እዚያም የሚጠብቅ የሰው አባት አለ።

ይህን ስጽፍ ግን ይቅርታ ብቻ ልለምን አልተነሣሁም፤ ብዋሽ ያውቁብኛል። በ1981 ዓ.ም. በሰኔ ፈተና ሰሞን፣ የትኬቴን ሳንቲም ቆሎ ገዝቼበት መገናኛ ላይ በእርስዎ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሰው ሁሉ ከፍሎ ተራዬ ሲደርስ ዓይኔን አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ ትኬት ከሌለሽ ውረጂ» አሉኝ። ስሜን አልጠሩም። ከኪስዎ አውጥተው ሊከፍሉልኝ ይችሉ ነበር፤ ማታ ቢገርፉኝም እመርጥ ነበር። ዝናቡ ይዘንብ ነበር፣ እስከ ኮተቤ በእግሬ ሄድሁ፣ ደብተሬ ረጠበ፣ በማግሥቱ የተፈተንሁትም ከረጠበ ደብተር አጥንቼ ነው። እርስዎ ማታ ገብተው እራትዎን በሉ፣ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እማዬ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በዚያ ወር የሒሳብ ጉድለት ተገኝቶብዎ ከደመወዝዎ እየተቆረጠ እንደነበር ነገረችኝ። ያን ቀን ለአንድ ልጅ ትኬት የሚሆን ሳንቲም በኪስዎ ነበረ ወይስ አልነበረም? ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ልጠይቅዎ ፈልጌ አልጠየቅሁም።

እዚህ መሥሪያ ቤት ስቀጠር «የአውቶቡስ ልጅ አውቶቡስ ቤት ገባች» ብለው ለጎረቤት ሁሉ ጠላ አጠጡ። ደንብ ለዘመድ አይታጠፍም የሚለውን ይዤ የገባሁት ከእርስዎ ነው፤ የመስመሩን ሰንጠረዥ ስፈርም እጄ ያልተንቀጠቀጠው ለዚያ ሊሆን ይችላል። መውቀሴ ይሁን ማመስገኔ ለራሴም አልለየልኝም።

አሁን ወደሚቸኩለው ጉዳይ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ፣ እርስዎ ካርድ ሊያስመልሱ ወጥተው ሳለ፣ የዓይንዎ የጎን እይታ መጥበቡንና ከእንግዲህ ብቻዎን መንገድ እንዳይሄዱ ነግሮኝ ነበር። ይህንንም ሸሽጌዎት ቆየሁ። ቢያውቁ ይፈራሉ ብዬ ሳይሆን፣ ቢያውቁ እኔ ዘንድ መጥተው እንዲኖሩ መለመን ስለሚኖርብኝና «ከደብረ ብርሃን ብርድ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ይከፋል» ብለው እንደሚመልሱልኝ ስለማውቅ ነው። እዚያም ቢሆን ባጃጁን ያማርራሉ፤ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለበት ከተማ ሦስት ሦስት ሰው በሚጭን ባጃጅ ይመላለሳል ወይ እያሉ መንገድ ዳር ቆመው እንደሚቆጥሩ ሰምቻለሁ። ትክክል ነዎት፤ ግን ከአስፋልቱ ራቅ ብለው ይቁጠሩ።

ቀጠሮው ሐሙስ መጋቢት 18 ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እኔው መጥቼ እዚያ አድራለሁ፤ ይህን ካነበቡ በኋላ በሩን ባይከፍቱልኝ የጎረቤትዎ ልጅ ታስገባኛለች። ሐሙስ ሌሊት አብረን እንነሣለን፣ ላምበረት ስንደርስ ታክሲ እንይዛለን፣ በዚህ አንከራከርም። መንገዱ ተዘግቷል ከተባለ እንዳይንቀሳቀሱ፤ ሌላ ቀን አስይዛለሁ። የሐኪም ካርድዎን ከመጽሐፈ ቅዱስዎ ውስጥ ፈልገው ያውጡት፣ ማስታወሻዎንም ይዘው ይምጡ፤ የጻፉትን ሰዓት ገልብጬ ከማመልከቻዬ ጋር ላያይዘው እፈልጋለሁ። ያለቀውን የጠብታ ብልቃጥ አይጣሉት፤ ፋርማሲው ስሙን አይቶ ነው የሚሰጠን።

ልጅዎ