የከዋክብት ይዘት ሲነሳ ሜግናድ ሳሃ አይዘለል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከዋክብት ከምን እንደተሠሩ በሳይንስ ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የከዋክብት ተመራማሪዋ ሴሲሊያ ፔይን እ.ኤ.አ. በ1925 ባቀረበችው ጥናት ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም መሆናቸውን ማሳየቷ በሚገባ ተገልጿል። ይሁን እንጂ ለስሌቷ መሠረት የሆነውን ቀመር ያፈለቀው ህንዳዊው የከዋክብት ፊዚክስ ሊቅ ሜግናድ ሳሃ በስም እንኳ አልተነሳም፤ ይህ በእኔ ግምት ትንሽ ግድፈት አይደለም።

ከሳሃ በፊት የነበሩ ተመራማሪዎች የከዋክብትን ብርሃን በየቀለሙ በትነው በውስጡ የሚታዩትን መስመሮች፣ ማለትም እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በብርሃኑ ላይ የሚተወውን የራሱን አሻራ፣ በየዓይነታቸው ይመድቡ ነበር፤ በአንዱ ኮከብ ላይ ጎልቶ የሚታየው የካልሲየም መስመር በሌላው ላይ ለምን እንደሚሳሳ ግን አጥጋቢ ማብራሪያ አልነበራቸውም። ሳሃ ካልካታ ሆኖ ባዘጋጀውና በ1920 በታተመው ጥናቱ፣ ምን ያህሉ አቶሞች ኤሌክትሮን እንደሚያጡ የሚወስኑት ሙቀትና ግፊት መሆናቸውን በቀመር አሳየ። ሙቀቱ ሲጨምር ወይም ግፊቱ ሲቀንስ ኤሌክትሮን ያጡት አቶሞች ይበዛሉ፤ እነሱ የሚያሳዩት መስመር ደግሞ ኤሌክትሮን ካላጡት የተለየ ነው። ስለዚህ የአንድ ንጥረ ነገር መስመር ሳሳ ማለት ንጥረ ነገሩ በኮከቡ ውስጥ አነሰ ማለት ላይሆን ይችላል። ፔይን መስመሮቹን ወደ ንጥረ ነገሮች ብዛት ለመቀየር የቻለችው ይህን መንገድ ተከትላ ነው።

ሳሃ በ1893 ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው አገር፣ በዳካ አቅራቢያ በምትገኝ መንደር፣ ከድሃ ባለሱቅ ቤተሰብ ተወለደ። በ1905 የቅኝ ገዢውን ባለሥልጣን ጉብኝት በመቃወሙ ነጻ የትምህርት ዕድሉን ተነጠቀ። በካልካታ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ የትምህርት ጓደኛው ከነበረው ከሳትየንድራ ናት ቦዝ ጋር የአይንስታይንን የአንጻራዊነት ጽሑፎች ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሟል። ለኖቤል ሽልማት በተደጋጋሚ ቢታጭም አላገኘም።

በ1952 በግል ተወዳድሮ ፓርላማ መግባቱን እንደ ጊዜ ማባከን የሚቆጥሩ ይኖራሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። በየክልሉ የተለያየውን የህንድ የዘመን አቆጣጠር እንዲያጠና የተቋቋመውን ኮሚቴ የመራው እሱ ነው፤ ኮሚቴው ያዘጋጀው ብሔራዊ ካላንደር ሥራ ላይ የዋለው እሱ ባረፈ በዓመቱ፣ በ1957 ነበር።

በሚቀጥለው እትማችሁ አጭር ማሟያ ወጥቶ የፔይን ሥራ በሳሃ ቀመር ላይ የቆመ መሆኑ እንዲገለጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ