ለሁለት የተቆረጠችው ፎቶግራፍ

ውድ ልጄ፣

የአክስቴን ሳጥን እንድልክልሽ ከጠየቅሽኝ ወር አልፎታል። የዘገየሁት ቸል ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ከመላኬ በፊት እያንዳንዱን ዕቃ በእጄ ላየው ፈልጌ ነው። በማየቴም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ያቺን ፎቶግራፍ ታስታውሻታለሽ። አክስቴ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ትከሻዋ ላይ ባለቤቱ የማይታይ እጅ አርፏል፤ የቀረው በመቀስ ተቆርጧል። ጀርባው ላይ በራሷ የእጅ ጽሑፍ «ከወንድ» ይላልና መቀሱ ያለፈበት ጠርዝ ላይ ያልቃል። ቤተሰባችን ከዚህች አንዲት ቃል ሙሉ ታሪክ ሠራ። የወደደችው ሰው ከዳት፣ ተናዳ ቆርጣ ጣለችው፣ ሳታገባ የቀረችውም በዚሁ ነው ተባለ። እኔም እንደ እውነት ተቀብዬ ለአንቺ ነግሬሻለሁ። ይቅር በይኝ።

ባለፈው ሳምንት የእጅ ቦርሳዋን ስፈትሽ ከገበሩ ሥር ወፈር ያለ ወረቀት እጄን ነካው። ስፌቱን ፈትቼ አወጣሁት። ጢም ያላበቀለ ወጣት ነው፤ አንድ ክንዱ መሐል ላይ ተቆርጧል። ከመነካካት ብዛት ማዕዘኖቹ ተልገው ክብ ሆነዋል። ገለበጥኩት፤ «ሜ ጋር» ይላል።

ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አጋጠምኳቸው። የእጅጌው መስመር ሳይዛነፍ ገጠመ። «ከወንድሜ ጋር»።

ልጄ፣ አለቀስኩ። ጣለችው ስንል የኖርነውን ልጅ ከጎኗ ሳትለየው ነው የኖረችው። ስለዚህ ወንድም እስከ ዛሬ አንድም ሰው ነግሮኝ አያውቅም፤ ማን እንደነበር፣ የት እንደቀረ ፈልገሽ የምታገኚው አንቺ ነሽ።

ሳጥኑ ሲደርስሽ ከፊታቸው በፊት የፎቶዎቹን ጀርባ እዪ። ሁለቱንም ገጽ ስካን አድርጊ። አንድ ባለቀለም የፖላሮይድ ፎቶ ታገኛለሽ፤ ዘመዶቻችን እ.ኤ.አ. በ1955 የተነሳ ነው ይላሉ። ሊሆን አይችልም፤ ፖላሮይድ ባለቀለም ፊልሙን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ሌላ ቅጂ የሚታተምበት ኔጋቲቭ ስለሌለው በጥንቃቄ ያዢው። ነጭ ጠርዛቸው ላይ ወርና ዓመት የታተመባቸውም አሉ። ያ ፎቶው የታተመበት እንጂ የተነሳበት ጊዜ አይደለም፤ ፊልም እኮ ካሜራ ውስጥ ወራት ሊቆይ ይችላል። ወደ ቀይ ካደሉት ፎቶዎች ደግሞ የቀሚሷን ቀለም አትገምቺ፤ ሌሎቹ ቀለሞች ደብዝዘው ቀዩ ብቻ ጎልቶ ነው።

ተለጣፊ ገጽ ባለው አልበም ላይ ያሉትን በጉልበት አትላጪ፤ ገጹን እንዳለ ፎቶ አንሺው። ጀርባቸው ላይ የምትጽፊው ካለ ለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ወረቀቱን ይጎዳል። የእጅ ሰዓቷን የኋላ ክዳን ደግሞ ሰዓት ሠሪ ይክፈትልሽ፤ ጠጋኞች አንዳንድ ጊዜ የጠገኑበትን ቀን በውስጠኛው ገጽ ላይ ይጭሩበታል።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ታላላቆቻችንን ሳትዘገዪ እንድትጠይቂ ነው። «ይህ ወንድሟ ነው?» አትበይ፤ አዎ ይሉሽና ያበቃል። ፎቶውን አስጨብጠሽ «ይህ ማን ነው?» በይና ዝም በዪ። ዝምታው ቢረዝምም ታገሺ። የነገሩሽን እንደተናገሩት፣ ማን እንዳለውና መቼ እንዳለው ጨምረሽ ጻፊ፤ የራስሽን ግምት ለብቻው አድርጊው። «ከወንድ» በሚለው ያሳሳተን እኮ ግምትና እውነት በአንድ ላይ መነገራቸው ነው።

ሁለቱን ግማሾች በአንድ ነጭ ፖስታ አድርጌ ከላይ አስቀምጬልሻለሁ። አደራ፣ አትለጥፊያቸው። የእሷ እጅ የቆረጠው ነው፤ እንደቆረጠችው ይቆይ።

የምትወድሽ እናትሽ